ልኩን የሚይዝ መነጽር፦ በደጋ አጋዘን አደን የማነጣጠሪያ መሣሪያ አመራረጥና አፈታተሽ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ስለ አደን ጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽር ሲወራ አስቀድሞ የሚነሣው የማጉላት ኃይል ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ እንዳለበት ያሳያል። በባሌና በአርሲ ደጋዎች በፈቃድ የሚካሄደውን የደጋ አጋዘን አደን እንደ ማሳያ ወስዶ፣ ጥይት ከታለመለት ቦታ እንዲርቅ የሚያደርጉትን ስሕተቶች በየመጠናቸው ያነጻጽራል። ስሌቱ እንደሚያመለክተው በመነጽሩ ማሰሪያ ላይ የሚፈጠር የአንድ ወረቀት ውፍረት የሚያህል መንሸራተት፣ የከፍታው የአየር ቅጥነትና የሌንሱ ጥራት ከሚያመጡት ለውጥ ሁሉ ይበልጣል። ስለዚህ አንድ መነጽር ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ያህል ያጎላል?» ሳይሆን «ልኩን ይይዛል ወይ?» የሚለው መሆን ይገባዋል። በመጨረሻም ያለ ውድ መሣሪያ ሊከናወን የሚችል የፍተሻ ቅደም ተከተል ቀርቧል።

ቁልፍ ቃላት፦ ማነጣጠሪያ መነጽር፣ የዒላማ ልክ፣ የስሕተት ሒሳብ፣ የደጋ አጋዘን፣ ባሌ

1. መግቢያ

«አልሞ ተኳሽ» የሚለው የአማርኛ ስያሜ የሙያውን ቅደም ተከተል ይናገራል፤ ማለም ይቀድማል፣ መተኮስ ይከተላል። በውጅግራና በምንሽር ዘመን የነበረ አዳኝ የሚያልመው በሁለት የብረት ምልክቶችና በገዛ ዐይኑ ስለነበር፣ ዐይኑ ያልለየውን አይተኩስም፤ የተኩሱም ርቀት በዚያው ይገደብ ነበር። መነጽር ይህን ገደብ አንሥቷል። በስድስት እጥፍ በሚያጎላ መነጽር 300 ሜትር ላይ የቆመ እንስሳ 50 ሜትር ላይ እንዳለ ሆኖ ይታያል። ይሁን እንጂ የቀረበው ምስሉ እንጂ እንስሳው አይደለም፤ ጥይቱ አሁንም የሚጓዘው 300 ሜትር ነው።

ይህ ልዩነት በኢትዮጵያ ደጋዎች የተለየ ክብደት አለው። የደጋ አጋዘን ከአገራችን ውጭ በየትም የማይገኝ እንስሳ ሲሆን፣ ሪቻርድ ሊደከር በ1910 እ.ኤ.አ. በሳይንሳዊ ስም ከመዘገበው ወዲህ በተመራማሪዎች ዘንድ ሲጠና ቆይቷል። በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብም የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው ዝርያዎች ጋር ተመድቧል። በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ማዕቀፍ ሥር፣ ከብሔራዊ ፓርኩ ክልል ውጭ ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች ውስጥ በፈቃድና በኮታ ይታደናል። ኮታ የሚሠራው አንድ ፈቃድ አንድ እንስሳ ነው በሚል እሳቤ ነው። ቆስሎ በአስታው ጥሻ ውስጥ ገብቶ በጉም የተሰወረ እንስሳ ይህን እሳቤ ያፈርሰዋል፤ በመዝገብ ላይ በሕይወት ይቆጠራል፣ በተራራው ላይ ግን ሳይሞት አይቀርም። እንስሳው ከሚደርስበት ሥቃይ በተጨማሪ የሕዝቡን ብዛት የሚገምት ተመራማሪ የሚሠራበት ቁጥር ይዛባል። ስለዚህ የማነጣጠሪያ መሣሪያ ተአማኒነት የአዳኙ የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም።

2. የስሕተት ሒሳብ

በዚህ ጽሑፍ «የዒላማ ልክ» የምንለው፣ የመነጽሩ የመስቀል መስመሮች መገናኛና የጥይቱ ማረፊያ በአንድ በታወቀ ርቀት ላይ እንዲገጥሙ ተደርገው የተስተካከሉበትን ሁኔታ ነው። የስሕተቶችን መጠን ለማነጻጸር የሚከተሉትን እሳቤዎች እንውሰድ። ጠመንጃው ሠላሳ ዜሮ ስድስት (.30-06) ነው፤ 11.7 ግራም የሚመዝን ጥይት በሰከንድ 820 ሜትር ያህል ፍጥነት ይተኩሳል፤ የዒላማ ልኩም በ200 ሜትር ላይ ተይዟል። ልብና ሳንባ የሚገኙበት፣ ጥይት ፈጥኖ የሚገድልበት የሰውነት ክፍል 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ነው እንበል። ስለዚህ ከመሐሉ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ያለው መቻቻያ 12.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ለማቃለል ሲባል ቀጥሎ ያለው ስሌት ከላይ ወደ ታች ያለውን ስሕተት ብቻ ይመለከታል፤ የጎን ነፋስ ሲጨመር ውጤቱ ከዚህ የከፋ ይሆናል።

የመጀመሪያው የስሕተት ምንጭ የጠመንጃውና የተኳሹ መበተን ነው። በተኩስ ምርኩዝ ተደግፎ የሚተኩስ ሰው መደበኛ ልይይቱ በ100 ሜትር ላይ 2.5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ በ300 ሜትር ላይ 7.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሁለተኛው ልኩን የማወቅ ስሕተት ነው። ብዙዎች ሦስት ጥይት ተኩሰው፣ የሦስቱን አማካይ አይተው መነጽሩን ያስተካክላሉ። የአማካይ ስሕተት ግን የመበተኑ መጠን ለናሙናው ብዛት ካሬ ሥር ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ በሦስት ጥይት በ100 ሜትር 1.4 ሳንቲ ሜትር፣ በ300 ሜትር 4.3 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በዐሥር ጥይት ቢስተካከል ኖሮ በ300 ሜትር ወደ 2.4 ሳንቲ ሜትር ይወርድ ነበር። ሦስተኛው ፓራላክስ ነው። ዐይን ከመነጽሩ መሐል መስመር ሲወጣ የመስቀል መስመሩ ከዒላማው ላይ የተንሸራተተ መስሎ ይታያል። ፓራላክሱ በ100 ሜትር ላይ እንዲጠፋ ተደርጎ የተሠራ፣ የፊት ሌንሱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ መነጽር በ300 ሜትር ላይ እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ሊያሳስት ይችላል፤ ለስሌቱ ግማሹን፣ ማለትም 2 ሳንቲ ሜትር እንወስዳለን።

እነዚህ ሦስቱ እርስ በርስ የማይደጋገፉ ስለሆኑ የሚደመሩት በካሬ ነው፤ ድምራቸውም በ300 ሜትር ላይ 8.9 ሳንቲ ሜትር መደበኛ ልይይት ይሰጣል። በኖርማል ሥርጭት ሲሰላ ከ100 ተኩስ 84ቱ በ12.5 ሳንቲ ሜትሩ መቻቻያ ውስጥ ያርፋሉ ማለት ነው። ልኩ በዐሥር ጥይት ቢያዝ ቁጥሩ ወደ 88 ከፍ ይላል። አራት ተኩስ ያተረፈው አዲስ መነጽር ሳይሆን ተጨማሪ ሰባት ጥይት ነው።

ርቀቱ በዐይን ግምት ብቻ ሲወሰድ ሌላ ስሕተት ይጨመራል። በ300 ሜትር አካባቢ ይህ ጥይት በእያንዳንዱ ተጨማሪ ሜትር 0.4 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። የግምቱ መደበኛ ልይይት 20 ሜትር ቢሆን፣ የ8 ሳንቲ ሜትር ስሕተት ይፈጠራል፤ ጠቅላላው ወደ 12 ያድጋል፤ በመቻቻያው ውስጥ የሚያርፉትም ወደ 70 ይወርዳሉ። በአንጻሩ ርቀቱ 150 ሜትር ቢሆንና የጥይቱ መንገድ ከፍታ ታውቆ ቢታረም፣ ጠቅላላ ልይይቱ 4.4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከመቻቻያው የሚወጣው ከ100 አንድ አይሞላም። ከማናቸውም የማነጣጠሪያ መሣሪያ በላይ ውጤት የሚያመጣው መቅረብ መሆኑን ይህ ስሌት በግልጽ ያሳያል።

3. የማሰሪያው ጉዳይ

እስካሁን የተዘረዘሩት ስሕተቶች አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች የሚወድቁ ናቸው። ልኩን የሳተ መነጽር የሚፈጥረው ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚያደላ ስሕተት ነው፤ አደገኛነቱም ከዚህ ይመነጫል።

መነጽሩን ከጠመንጃው ጋር የሚያገናኙት ሁለት ቀለበቶችና ቀለበቶቹ የሚቀመጡበት መሠረት ነው። በቀለበቶቹ መካከል ያለው ርቀት 12 ሳንቲ ሜትር ይሁን። አንደኛው ጫፍ በ0.1 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም በአንድ የተለመደ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረት ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ቢል፣ የሚፈጠረው ማዕዘን 0.83 ሚሊራዲያን ነው። ይህም በ100 ሜትር 8.3፣ በ300 ሜትር 25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በቀደመው ስሌት ውስጥ ይህን ስናስገባ ከ100 ተኩስ በመቻቻያው ውስጥ የሚያርፉት ከ84 ወደ 8 ያህል ይወርዳሉ። በ150 ሜትር እንኳ ቢተኮስ ግማሹ ይስታል። አዳኙ በመነጽሩ ሲመለከት ግን ምንም የተለወጠ ነገር አያይም፤ ምስሉ ጥርት ያለ፣ መስመሩም ቀጥ ያለ ነው። የማጉላት ኃይሉ ቢጨመር ስሕተቱን አጥርቶ ከማለም በቀር የሚያስገኘው ጥቅም የለም።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ባሌ አደን ሰፈር የሚደርስ ጠመንጃ በመኪና ረጅም መንገድ ይናወጣል፤ ከሰፈሩ በኋላም በፈረስ ወይም በትከሻ ይጓዛል። ከውጭ አገር የሚመጣ አዳኝ ጠመንጃ ደግሞ አስቀድሞ በአውሮፕላን ጭነት ውስጥ አልፏል። ስለዚህ በመነጽር ግዢ ከተመደበው ገንዘብ ለመሠረቱና ለቀለበቶቹ የሚበቃ ድርሻ መቅረት አለበት። ብሎኖቹ አምራቹ በወሰነው መጠን፣ የጥብቀት መጠን በሚያሳይ መፍቻ ሊጠብቁ ይገባል። ከመጠን ያለፈ ጥብቀት የመነጽሩን ቱቦ ሊያጎብጥና ውስጣዊ አካሉን ሊያሠር ስለሚችል «ይበልጥ ማጥበቅ» መፍትሔ አይደለም። በቀለበቱና በቱቦው መጋጠሚያ ላይ በቀጭን ቀለም መስመር ማስመር ቀላል ጥንቃቄ ነው፤ መስመሩ ከተከፈለ ቱቦው ተንሸራትቷል።

4. ማጉላትና ብርሃን

ማጉላት ያለ ዋጋ አይገኝም። ምስሉን ሲያጎላ የእጅን መንቀጥቀጥ ያጎላል፣ የእይታን ስፋት ያጠብባል፣ ወደ ዐይን የሚደርሰውን የብርሃን ክብ ያሳንሳል። የዚህ ክብ ስፋት የፊት ሌንሱ ስፋት ለማጉሊያው ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌንስ በስድስት እጥፍ ሲያጎላ 7 ሚሊ ሜትር፣ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌንስ በዘጠኝ እጥፍ ሲያጎላ 4.4 ሚሊ ሜትር ይሰጣል። የወጣት ዐይን ብሌን በጨለማ እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይከፈታል፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን ብዙ ጊዜ ከ5 አያልፍም። ብሌኑ ከሚቀበለው በላይ የሆነ ብርሃን ይባክናል።

ለድንግዝግዝ ተብለው የሚሠሩ፣ 56 ሚሊ ሜትር የፊት ሌንስ ያላቸው ከባድ መነጽሮች በሰሜን አውሮፓ ተገቢ ናቸው፤ በዚያ የበጋ ምሽት ድንግዝግዝ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊቆይ ይችላል። ባሌ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ይገኛል። ፀሐይ በቀጥታ ስለምትጠልቅ ከጥልቀቷ አንሥቶ ከአድማስ በታች 6 ዲግሪ እስክትወርድ ያለው ጊዜ ከ20 እስከ 23 ደቂቃ ብቻ ነው። ትልቁ ሌንስ ከዚህ ውስጥ የሚያተርፈው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በዚያች ሰዓት የተመታ እንስሳ ደግሞ ፍለጋው በጨለማ ይሆናል። ስለዚህ ለዚህ አካባቢ ቀለል ያለና ዝቅ ተደርጎ ሊታሰር የሚችል መነጽር ይመረጣል። ከ2 ወይም ከ3 እስከ 9 ወይም 10 እጥፍ የሚያጎላና 40 ወይም 42 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው በቂ ነው።

ከሌንሱ ስፋት ይልቅ የሌንሶቹ ልባስ ልብ ሊባል ይገባዋል። ልባስ የሌለው የመስታወት ገጽ ከሚደርሰው ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። ዐሥር ገጾች ባሉት መነጽር የሚያልፈው 66 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ልባሱ የእያንዳንዱን ገጽ ነጸብራቅ ወደ 0.5 በመቶ ካወረደው ግን 95 በመቶ ያልፋል። የቱቦው ውፍረት 25.4 ወይም 30 ሚሊ ሜትር መሆን ብቻውን ብርሃን አይጨምርም፤ ወፍራሙ ቱቦ የሚሰጠው በዋናነት ሰፊ የማስተካከያ ክልል ነው።

እንስሳ የሚፈለገው በጠመንጃው መነጽር ሊሆን አይገባም። መነጽሩ ወደ ዞረበት ሁሉ አፈሙዙም ይዞራል፤ በደጋው ላይ እረኛም፣ እንጨት ለቃሚም፣ መንገደኛም አለ። ለፍለጋ የሚያገለግለው ባለ ሁለት ዐይን አቅራቢ መነጽር ሲሆን 8×42 ወይም 10×42 የተለመዱ መጠኖች ናቸው። ጠመንጃው የሚነሣው እንስሳው፣ ጾታው፣ ዕድሜውና ከጀርባው ያለው ሁሉ ከተለየ በኋላ ነው።

5. ርቀት፣ ተዳፋትና ከፍታ

ከማነጣጠሪያ አጋዥ መሣሪያዎች መካከል በስሌቱ ትልቁን ልዩነት ያመጣው የሌዘር ርቀት መለኪያ ነው፤ ነገር ግን እርሱም የሚሳሳትባቸው ሁኔታዎች አሉ። ጨረሩ እየተጓዘ ስለሚሰፋ፣ በእንስሳው ፊት ያለ የአስታ ቅርንጫፍ ወይም ከኋላው ያለ ቋጥኝ ሊመልሰው ይችላል፤ ጉምም ሐሰተኛ አጭር ንባብ ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ንባብ ሳይሆን ሦስት ወይም አራት ተወስዶ መቀራረባቸው መታየት አለበት።

በተዳፋት ላይ የጥይቱን መውረድ የሚወስነው አግድም ርቀቱ ነው። 30 ዲግሪ በሆነ ቁልቁለት ላይ 300 ሜትር የተነበበ ርቀት በአግድም 260 ሜትር ነው። ከላይ የጠቀስነው ጥይት በ300 ሜትር ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ በ260 ሜትር የሚወርደው ከዚያ ግማሽ ያህሉን ነው። ይህን ያላገናዘበ አዳኝ ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ አስበልጦ ይተኩሳል፤ መቻቻያውን በሙሉ ጨረሰ ማለት ይቻላል።

ከፍታ ግን ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ ይፈራል። በ3000 ሜትር ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው 74 በመቶ ገደማ ስለሆነ ጥይቱ ፍጥነቱን የሚያጣው በዝግታ ነው። ይሁንና ልኩ በባሕር ወለል ተይዞ በዚያ ከፍታ ቢተኮስ፣ በ300 ሜትር ላይ የሚታየው ልዩነት ወደ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ የወረቀት ውፍረት ከሚያህለው የማሰሪያ መንሸራተት ጋር ሲነጻጸር ከዐሥር እጅ አንዱ ነው።

6. ጉምና ብርድ

በባሌ ደጋ ሌሊቱ በረዷማ፣ ማለዳው ጉማም፣ ቀትሩ ፀሐያማ ሊሆን ይችላል። በመነጽሩ ውስጥ እርጥበት ካለ በብርድ ጊዜ በሌንሱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ይጤዛል፤ ይህንንም በሜዳ መጥረግ አይቻልም። ስለሆነም ቱቦው በናይትሮጅን ወይም በአርጎን የተሞላና በማኅተም ቀለበቶች የተዘጋ መሆን አለበት። በውጭው ገጽ ላይ የሚታየው ጤዛ ግን የአያያዝ ውጤት ነው። ሌሊቱን በውጭ የቆየ ቀዝቃዛ መነጽር ወደ ሞቀ ድንኳን ሲገባ ወዲያውኑ ይጤዛል፤ ስለዚህ ጠመንጃው ጥበቃና ጥላ ባለበት፣ እሳት በሌለበት ቦታ ቢያድር ይመረጣል። ዳገት የወጣ ሰው ትንፋሽም የዐይን ወገኑን ሌንስ ያጨልማል። የሌንስ ክዳን፣ ንጹሕና ደረቅ ጨርቅ ከመነጽሩ ጋር የማይለዩ ዕቃዎች ናቸው።

በባትሪ የሚሠሩ ባለ ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያዎች በጥሻ ውስጥ ለቅርብ ተኩስ ይጠቅማሉ። ይሁን እንጂ ብርድ የባትሪን ኃይል ስለሚቀንስ ብቸኛ መተማመኛ ሊሆኑ አይገባም። መስመሩ በሌንሱ ላይ የተቀረጸ መነጽር መብራቱ ቢጠፋም ያገለግላል።

7. የፍተሻ ቅደም ተከተል

የሚከተለው ፍተሻ ከግዢ በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከፊሉም ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ሊደረግ የሚችል ነው።

ሀ. ያለ ጥይት የሚደረግ ፍተሻ፦ መነጽሩ በጠንካራ ማሠሪያ ላይ ይታሰርና በትክክል 100 ሜትር ርቆ በቆመ የመለኪያ ዘንግ ላይ ይነጣጠራል። በ0.1 ሚሊራዲያን የሚንቀሳቀስ የማስተካከያ ቁልፍ በእያንዳንዱ ክሊክ 1 ሳንቲ ሜትር መንቀሳቀስ አለበት። የዲግሪን ስድሳኛ ክፍል ሩብ የሚያንቀሳቅስ ከሆነ 7.3 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ሃምሳ ክሊክ ወደ ላይ ተዙሮ ሲመለስ መስመሩ ከተነሣበት ቦታ ማረፍ አለበት። የማጉሊያ ቀለበቱ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ሲዞርም መገናኛው ከቦታው መነቃነቅ የለበትም።

ለ. የሳጥን ፍተሻ፦ በ100 ሜትር ላይ ከአንድ መነሻ ተኩሶ፣ 20 ክሊክ ወደ ላይ፣ 20 ወደ ቀኝ፣ 20 ወደ ታች፣ 20 ወደ ግራ እያዞሩ በየማዕዘኑ መተኮስ። የመጨረሻው ምት ስብስብ ከመጀመሪያው ጋር ከተደራረበ የውስጥ አካሉ የተረገጠውን አይስትም። በአንድ ማዕዘን አንድ ጥይት ብቻ መተኮስ መበተንን ከመሣሪያ ስሕተት ለመለየት አያስችልም፤ ቢያንስ ሦስት ያስፈልጋል።

ሐ. ልክ መያዝ፦ ዐሥር ጥይት በሁለት ቀን ተከፍሎ፣ አፈሙዙ በየመካከሉ እየቀዘቀዘ ይተኮሳል። የሁለተኛው ቀን አማካይ ከመጀመሪያው ቀን ጋር መገጣጠሙ መነጽሩ ልኩን ስለመያዙ ከማናቸውም የማስታወቂያ ቃል የበለጠ ማስረጃ ነው።

መ. የሰፈር ማረጋገጫ፦ አደን ሰፈር ከተደረሰ በኋላ ከአደኑ በፊት በነበረበት ርቀት ሦስት ጥይት መተኮስ። እነዚህ ሦስቱ ልኩን ለመለወጥ አይበቁም፤ በ100 ሜትር የ8 ሳንቲ ሜትር መንሸራተት ቢኖር ግን ይለዩታል። መንሸራተት ከታየ መፍትሔው ቁልፉን ማዞር ሳይሆን በመጀመሪያ ብሎኖቹን መመርመር ነው። ጠመንጃው ከወደቀም ፍተሻው ይደገማል፤ የዕለቱ አደን ቢቀር እንኳ።

8. ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ስሌት በተወሰኑ እሳቤዎች ላይ የቆመ ነው፤ በሌላ ጥይትና በሌላ ተኳሽ ቁጥሮቹ ይለወጣሉ። የስሕተቶቹ ቅደም ተከተል ግን ብዙም አይለወጥም። ከሁሉ የሚከፋው ልኩን የሳተ ማሰሪያ ነው፤ ቀጥሎ የርቀት ግምት፣ ከዚያ በጥቂት ጥይት የተያዘ ልክ ይመጣሉ፤ ፓራላክስና ከፍታ በመጨረሻ ይሰለፋሉ። የማጉላት ኃይል ከነዚህ ስሕተቶች አንዱንም አያርምም። ስለዚህ ለመሣሪያ የሚመደብ ገንዘብና ጊዜም ይህንኑ ተራ ሊከተል ይገባል፦ አስቀድሞ ለማሰሪያ፣ ቀጥሎ ለርቀት መለኪያና ለልምምድ ጥይት፣ ከዚያ ለልባስና ለማኅተም፣ በስተመጨረሻ ለማጉላት።

ለቁጥጥር ሥራም አንድ ተግባራዊ ሐሳብ ይከተላል። የሰፈር ማረጋገጫ ተኩስ የአዳኙ በጎ ፈቃድ ከመሆን ይልቅ የእያንዳንዱ አደን የመጀመሪያ ተግባር ሆኖ ቢመዘገብ፣ የተተኮሰበት ርቀትና የእንስሳው ፍጻሜም አብሮ ቢሠፍር፣ ቆስለው የሚጠፉ እንስሳትን ብዛት ከግምት ወደ ልኬት ማምጣት ይቻላል። ኮታ የሚወስን አካልም ሆነ የደጋ አጋዘንን ሕዝብ የሚያጠና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ይህን መረጃ ይፈልገዋል። ለመሰብሰብ የሚያስፈልገው ደግሞ ሦስት ጥይት፣ አንድ ካርቶንና አንድ መዝገብ ብቻ ነው።